ኦዝቦርን ሃውስንና መናፈሻውን ከለንደን ተነሥቶ በአንድ ቀን ለመጎብኘት የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

በእንግሊዝ የሚኖሩም ሆኑ ለአጭር ጊዜ የሚመጡ ወገኖች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በልጅነቱ ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት የቀረበበትን ኦዝቦርን ሃውስን ለማየት ከለንደን ተነሥቶ በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል ወይ፣ ከተቻለስ በየት በኩል ይኬዳል፣ ከደረሱ በኋላስ ከየት ይጀመራል? መልሱ ይቻላል ነው፤ ሆኖም ብዙ ሰው ጊዜውን ሁሉ ለቤቱ መድቦ መናፈሻውን «ከተረፈ እናየዋለን» ብሎ ስለሚነሣ፣ ከቦታው ትልቁን ክፍል ሳያይ ይመለሳል። ይህ መመሪያ ቤቱንና መናፈሻውን አንድ ላይ ለማየት በሚያስችል ቅደም ተከተል የተዘጋጀ ነው።

ኦዝቦርን የሚገኘው በደቡብ እንግሊዝ፣ አይል ኦፍ ዋይት በተባለው ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከኢስት ካውዝ ከተማ አጠገብ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤቷ ልዑል አልበርት ርስቱን እ.ኤ.አ. በ1845 ገዝተው፣ በግንበኛው በቶማስ ኩቢት እጅ በጣሊያን የገጠር ቪላ አምሳል ያሠሩት የቤተሰብ መኖሪያ ሲሆን፣ ዛሬ የሚያስተዳድረው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ የተባለው የቅርስ ድርጅት ነው። በዚህ መመሪያ ውስጥ የተጠቀሱት ሰዓቶች ሁሉ ቲኬትና የጉዞ ሰሌዳ ላይ እንደሚታየው በእንግሊዝ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ ከአገር ቤት የሚመጣ እንግዳ ካለዎት ይህንን አስቀድመው ይንገሩት፤ 10:00 የሚለውን ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ነው ብሎ ቢረዳ የጠዋቱ ጀልባ ያመልጠዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቀኑ የተጻፈበት የመግቢያ ቲኬት፣ በስልክ ወይም በወረቀት። በደሴቱ አንዳንድ ስፍራ የስልክ ኔትወርክ ሊደክም ስለሚችል ቲኬቱን አስቀድመው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡት።
- እግርዎ የለመደው ጠፍጣፋ ጫማ። ከቤቱ እስከ ባሕሩ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ሲመለሱ ደግሞ ያው መንገድ ዳገት ይሆናል። መንገዶቹ በአመዛኙ ጠጠርና አፈር ስለሆኑ የበዓል ጫማ አይመችም።
- ዝናብ የማያስገባ ስስ ጃኬት። ከባሕር የሚነሣው ነፋስ ጃንጥላ ስለሚገለብጥ በጃንጥላ ብቻ አይተማመኑ።
- አነስተኛ ቦርሳ። ትልቅ ሻንጣ ይዘው አይምጡ፤ ምክንያቱን ከታች ስለ ቤቱ በተጻፈው ክፍል ያገኙታል።
- የመጠጥ ውኃና ቀለል ያለ ምሳ። በመናፈሻው ውስጥ ሣር ላይ ተቀምጦ መብላት ይፈቀዳል፤ ካፌም አለ።
- ለጀልባው፣ ለአውቶቡሱና ለካፌው የሚያገለግል የባንክ ካርድ።
- ለስልክዎ ፓወር ባንክ፤ የጀልባው ቲኬት፣ የባቡሩ ቲኬትና ካርታው ሁሉ አንድ ስልክ ላይ ስለሚሆኑ።
- ልጆች ካሉ ፎጣና ቅያሪ ልብስ።

1. ቀኑን ይምረጡ

ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ባለው ጊዜ ውስጥ (ወራቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይውሰዱ) ከሰኞ እስከ ዓርብ ካሉት ቀናት አንዱን ይምረጡ። በብርዱ ወራት ቦታው የሚከፈትባቸው ቀናት ይቀንሳሉ፤ አንዳንድ ክፍሎችም ለጥገናና ለጽዳት ይዘጋሉ፤ ቀኑም ስለሚያጥር ባሕሩ ዳር ሳይደርሱ ይመሻል። የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበት ነሐሴ በሕዝብ ብዛት የሚታወቅ ስለሆነ፣ ተማሪ ልጆች ከሌሉዎት ሰኔን ወይም መስከረምን ይምረጡ። በእኔ ግምት መስከረም ከሁሉም ይሻላል፤ ባሕሩ ገና ሙቀቱ አይለቀውም፣ በእርከኖቹ ላይ የተተከሉት አበቦች አይረግፉም፣ ሰልፉ ግን ቀንሷል።

ቀኑን ከመወሰንዎ በፊት በኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ድረ ገጽ ላይ ሦስት ነገሮችን ያረጋግጡ፤ ቦታው በዚያ ቀን ክፍት መሆኑን፣ ቤቱ ራሱ (መናፈሻው ብቻ ሳይሆን) ክፍት መሆኑን፣ እንዲሁም የመጨረሻው የመግቢያ ሰዓት ስንት እንደሆነ። የመጨረሻው መግቢያ ቦታው ከሚዘጋበት ሰዓት ቀደም ብሎ የሚያበቃ በመሆኑ፣ «17:00 ይዘጋል» የሚለውን ብቻ አንብቦ 16:45 ላይ በሩ የሚደርስ ሰው አይገባም።

2. የመግቢያ ቲኬትዎን አስቀድመው ይግዙ

ቲኬቱን በኢንተርኔት አስቀድሞ መግዛት በር ላይ ከመግዛት ይረክሳል፣ መግቢያዎንም ያረጋግጥልዎታል። በዓመት ውስጥ ሌሎች የድርጅቱን ቦታዎች ለመጎብኘት ካሰቡ የአባልነቱን ዋጋ ያስሉ፤ አንድ አዋቂ አባል እስከ 6 ልጆች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማስገባት ስለሚችል፣ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ብዙ ጊዜ አባልነቱ ያዋጣል።

ከእንግሊዝ ውጭ ለሚመጡ አንድ ማሳሰቢያ አለ። አይል ኦፍ ዋይት የእንግሊዝ አካል በመሆኑ ከሳውዝሃምፕተን ወይም ከፖርትስመዝ ወደ ደሴቱ ሲሻገሩ ፓስፖርትም ሆነ ሌላ ቪዛ አይጠየቁም። ወደ ብሪታንያ ለመግባት ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው፣ መኖሪያው በአውሮፓ ኅብረት አገር ቢሆንም እንኳ፣ የብሪታንያ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የሸንገን ቪዛ ብሪታንያ አያስገባም።

3. የባሕር መሻገሪያውን ይወስኑ

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ። ከለንደን የሚያዋጡ ሁለት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው በሳውዝሃምፕተን በኩል ነው። ከለንደን ዋተርሉ ጣቢያ በባቡር ተነሥተው በአንድ ሰዓት ከሩብ አካባቢ ሳውዝሃምፕተን ሴንትራል ይደርሳሉ፤ ከዚያ እስከ ወደቡ በእግር 20 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ ሰዓት ካጠረዎት አውቶቡስ ወይም ታክሲ ይያዙ። ከወደቡ ሬድ ፈነል የተባለው ኩባንያ ሁለት ዓይነት ጉዞ ያቀርባል። መኪና የሚጭነው ትልቁ ፌሪ አንድ ሰዓት ገደማ ወስዶ ኢስት ካውዝ ያደርስዎታል፤ መኪና ባይኖርዎትም በእግረኛነት መሳፈር ይችላሉ። ሬድ ጄት የሚባለው ፈጣን ጀልባ ደግሞ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ይሻገራል፤ ነገር ግን የሚያወርድዎት ዌስት ካውዝ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ኢስት ካውዝና ዌስት ካውዝ በመዲና ወንዝ አፍ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ከተሞች ናቸው። ኦዝቦርን ያለው በኢስት ካውዝ በኩል ነው። በሬድ ጄት የሄደ ሰው ወንዙን በሰንሰለት በሚጎተተው ተንሳፋፊ ድልድይ መሻገር አለበት፤ ድልድዩ ደግሞ አልፎ አልፎ ለጥገና ይቆማል፤ ሲቆም በየብስ ለመዞር በኒውፖርት በኩል ረጅም መንገድ መሄድ ግድ ይሆናል። የሁለቱ ጀልባዎች መነሻ ጣቢያም ሳውዝሃምፕተን ላይ ለየብቻ ስለሆነ፣ ቲኬትዎ ላይ የተጻፈውን የጣቢያ ስም ሳያነቡ ሕዝቡን ተከትለው አይሂዱ። ዘገምተኛውን ፌሪ የምመክረው ለዚህ ነው፤ በባሕሩ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢጨምርም ወንዝ የመሻገሩን ጣጣ ያስቀራል።

ሁለተኛው መንገድ በፖርትስመዝ በኩል ነው። ከዋተርሉ የሚነሣው ባቡር ፖርትስመዝ ሃርበር ድረስ ይሄዳል፤ ጣቢያው ከጀልባው መሳፈሪያ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ሻንጣ ላለው፣ ለአረጋዊና ሕፃን ለያዘ ሰው ይመቻል። ዋይትሊንክ የተባለው ኩባንያ ጀልባ ከ20 ደቂቃ ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ራይድ ፒር ሄድ ያደርሳል። ከለንደን እስከ ራይድ ባቡሩንና ጀልባውን ያጠቃለለ አንድ ቲኬት መግዛት ይቻላል፤ ባቡሩ ዘግይቶ ጀልባው ቢያመልጥዎ ሁለት የተለያየ ቲኬት ይዞ ከመከራከር ያድናል። ራይድ ላይ የሚወርዱት ወደ ባሕሩ 700 ሜትር ያህል በተዘረጋው የእንጨት መሻገሪያ ጫፍ ስለሆነ፣ አውቶቡሶቹ ወዳሉበት ወደ ራይድ ኤስፕላናድ ለመድረስ በእግር ወይም እዚያው በምትነሣው አነስተኛ ባቡር ይሂዱ። ከኤስፕላናድ ሳውዘርን ቬክቲስ የተባለውን ኩባንያ 4 ቁጥር አውቶቡስ ይያዙ፤ ወደ ኢስት ካውዝ ሲሄድ በኦዝቦርን በር ያልፋል።

ከኢስት ካውዝ የፌሪ ጣቢያ እስከ ኦዝቦርን መግቢያ 2 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ያልበለጠ ነው፤ መንገዱ ግን ዳገት ነው። ጤነኛ ሰው በግማሽ ሰዓት ይወጣዋል። የቀኑ እግር ጉዞ ገና አልተጀመረምና ጉልበትዎን ለመናፈሻው ቆጥበው በአውቶቡስ ቢወጡ የተሻለ ነው።

ከየትኛውም በኩል ቢሄዱ ከዋተርሉ እስከ 7:30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይነሡ። በዚህ ሰዓት የተነሣ ሰው 11:00 አካባቢ በሩ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ለቦታው ልክ የሚበቃ እንጂ የሚተርፍ አይደለም።

4. በሩ ላይ መረጃ ይውሰዱ

መግቢያው ላይ ያለው የእንግዶች መቀበያ ሕንፃ ውስጥ ቲኬትዎን ካሳዩ በኋላ ወዲያውኑ ወደ ቤቱ አይሩጡ። አስቀድመው የመናፈሻውን ካርታ ይውሰዱና የሚከተሉትን ይጠይቁ፤ ዛሬ የተዘጋ ክፍል አለ ወይ? ወደ ስዊስ ኮቴጅና ወደ ባሕሩ ዳር የሚወስድ ትንሽ መኪና ዛሬ ይሠራል ወይ? ቤቱ መግቢያ ላይ ሰልፉ የሚበዛው ስንት ሰዓት ላይ ነው? የመኪናው አገልግሎት መራመድ ለሚቸግራቸው ሰዎች ዋናው መፍትሔ ነው፤ ሆኖም እንደ ወቅቱና እንደ አየሩ ሁኔታ የሚቋረጥበት ጊዜ ስላለ አለ ብሎ ገምቶ ቁልቁለቱን መውረድ ተገቢ አይደለም።

በዊልቸር የሚሄድ ወይም ደረጃ የማይችል ሰው አብሮዎት ካለ፣ የላይኛው ፎቅ ክፍሎች የሚታዩበትን ሁኔታ ከጉዞው ቀናት አስቀድመው በስልክ ይጠይቁ። ቤቱ ታሪካዊ በመሆኑ ሁሉም ክፍል እንደ ዘመናዊ ሙዚየም በቀላሉ የሚደረስበት አይደለም።

5. ከእርከኖቹ ይጀምሩ

11:00 አካባቢ ከደረሱ፣ ከአብዛኛው ጎብኚ በተቃራኒ፣ ቤቱን ለመጨረሻ ያቆዩት። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው፣ ቤቱ ውስጥ ሕዝብ የሚበዛው ከረፋዱ እስከ ቀትር በኋላ ስለሆነ በዚያ ሰዓት የገባ ሰው ከሰው ትከሻ ጀርባ እያየ ያልፋል። ሁለተኛው የብርሃን ጉዳይ ነው፤ የቤቱ ዋና ፊት ከነእርከኖቹ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ባሕሩ የዞረ ስለሆነ ፀሐይ የሚያገኘው በጠዋት ነው። ቤቱን ፎቶ ማንሣት የፈለገ ሰው በማለዳ ከቀትር በፊት ያንሣ፤ ከቀትር በኋላ የቤቱ ፊት ጥላ ይወርድበታል፤ በአንጻሩ ከእርከኑ ላይ ቆሞ ባሕሩን ለማንሣት ፀሐይ ከጀርባ የምትሆነው ያን ጊዜ ነው።

እርከኑ ላይ ሲደርሱ ጀርባዎን ለቤቱ ሰጥተው ወደ ባሕሩ ይቁሙና መናፈሻው እንዴት እንደተነደፈ ይመልከቱ። ከእግርዎ ሥር ያለው በመስመርና በቅርጽ የተከፋፈለ የአበባ መደብ ነው፤ ቀጥሎ ደረጃ፣ ቀጥሎ የታችኛው እርከን፣ ከዚያ ሣር፣ ከዚያም ሆን ተብለው በግራና በቀኝ በጅምላ የተተከሉ ዛፎች አሉ፤ በዛፎቹ መካከል በተተወው ክፍተት በኩል ሶለንት የሚባለው የባሕር ሰርጥ ይታያል። ከቤቱ በራቁ ቁጥር የሰው እጅ እየሳሳ ተፈጥሮ እየገነነች የምትሄድ ይመስላል፤ ነገር ግን ያ ዱር መሳዩ ክፍልም እንደ አበባ መደቡ ሁሉ ታስቦበት የተተከለ ነው። አልበርት ይህ እይታ የጣሊያኑን የናፖሊ የባሕር ወሽመጥ እንደሚያስታውሰው ተናግሯል፤ ቤቱ ሁለት ማማ ያለው የጣሊያን ቪላ ሆኖ የተሠራውም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ነው። ይህን የእይታ መስመር አንዴ ከያዙት በኋላ ቀሪውን ቀን የሚያዩት እያንዳንዱ ነገር የት እንደተቀመጠና ለምን እንደተቀመጠ ይገባዎታል፤ ስለዚህ እርከኑን በአምስት ደቂቃ አይለፉት።

ወደ ታችኛው እርከን ወርደው በፋውንቴኑ መካከል የቆመችውን የአንድሮሜዳን የነሐስ ሐውልት ይመልከቱ። የጆን ቤል ሥራ ስትሆን፣ ንግሥቲቱ የገዛቻት እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ላይ ከተካሄደው ታላቁ ኤግዚቢሽን ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በእርከኖቹ ላይ ያሉት ብዙዎቹ የአበባ ማስቀመጫዎችና ጌጦች ከድንጋይ የተጠረቡ ቢመስሉም በቅርጽ የተጣሉ የሲሚንቶ ሥራዎች ናቸው፤ የቤቱ ግድግዳም ድንጋይ የመሰለ ልስን የለበሰ ጡብ ነው። ስለዚህ አይደገፉባቸው፣ ልጆችንም ለፎቶ ብለው አያስቀምጡባቸው፤ ጠርዛቸው በቀላሉ ይፈረፈራል።

6. ወደ ስዊስ ኮቴጅ ይውረዱ

ከቤቱ እስከ ስዊስ ኮቴጅ በዛፎች መካከል 20 ደቂቃ ያህል ይራመዳሉ። አስፋልቱን ብቻ ከመከተል ይልቅ ካርታው ላይ የተመለከተውን የጫካ መንገድ ቢይዙ ቀይ ሽኮኮ የማየት ዕድል ይኖርዎታል። በአብዛኛው እንግሊዝ ግራጫው ሽኮኮ ቀዩን አጥፍቶታል፤ በዚህ ደሴት ግን ግራጫው የለም። ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ ወደ መሬት ሳይሆን ወደ ቅርንጫፎቹ ይመልከቱ፤ ምግብ ግን አይስጧቸው። ከመንገዱ ወጥተው ረጅም ሣር ውስጥ ከገቡ፣ መዥገር በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ሱሪዎን በካልሲ ውስጥ ይክተቱ፤ ማታም የልጆችን እግርና ብብት ይፈትሹ።

ስዊስ ኮቴጅ በስዊዘርላንድ የገጠር ቤት አምሳል እ.ኤ.አ. በ1853 እና በ1854 የተሠራ የእንጨት ቤት ሲሆን፣ የንግሥቲቱ 9 ልጆች ምግብ ማብሰልና አትክልት መትከል የሚማሩበት ነበር። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መደብ፣ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል የተጻፈበት የእጅ ጋሪና መሣሪያ ነበረው፤ ያመረቱትንም አባታቸው በገበያ ዋጋ ይገዛቸው ነበር። ከልጆች ጋር ከሄዱ አንድ ሰዓት እዚህ ይስጡ፤ ከቤቱ ሁሉ በላይ የሚያስታውሱት ይህንን ነው። አጠገቡ ያለው ትንሽ ሙዚየም ከየአገሩ የተሰበሰቡ እንስሳት፣ ማዕድናትና ዕቃዎች የተደረደሩበት ነው፤ የአንድ ክፍል ያህል ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

ምሳዎን እዚሁ አካባቢ ቢበሉ ይመረጣል። ለሚጾሙ ሰዎች፣ በካፌዎቹ ዝርዝር ላይ «ቪጋን» ተብሎ ምልክት የተደረገበት ምግብ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ነው፤ «ቬጀቴሪያን» የሚለው ግን ወተትና እንቁላል ሊኖርበት ስለሚችል ሁለቱን አያምታቱ።

7. ባሕሩ ዳር ይድረሱ

ከስዊስ ኮቴጅ ወደ ባሕሩ የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። ይህ የንግሥቲቱ የግል ባሕር ዳርቻ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በዳርቻው ላይ የንግሥቲቱ የመታጠቢያ ጋሪ ይታያል፤ ከእንጨት የተሠራች ባለ መንኮራኩር ክፍል ስትሆን፣ ንግሥቲቱ ልብሷን ውስጥ ሆና ከለወጠች በኋላ ወደ ውኃው ትገፋ ነበር። ለመዋኘት ካሰቡ ውኃው በበጋም ቢሆን ቀዝቃዛ መሆኑን ይወቁ፤ ልጆችን ብቻቸውን አያስገቡ፤ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በየቀኑ ሰዓቱ ስለሚለዋወጥ ያመጡትን ዕቃ ከውኃው ጠርዝ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ።

ከባሕሩ ዳር ቢዘገይ እስከ 14:15 ይነሡ። የመልሱ መንገድ ዳገት በመሆኑ ለመውረድ ከፈጀብዎት በላይ ጊዜ ይወስዳል፤ ሕፃን በጋሪ ለሚገፋ ሰው ደግሞ ዐርባ ደቂቃ መያዝ ብልኅነት ነው።

8. ቤቱን በመጨረሻ፣ በቂ ጊዜ ሰጥተው ይጎብኙ

15:00 አካባቢ ወደ ቤቱ ይግቡ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይስጡት። ከመግባትዎ በፊት መጸዳጃ ቤት ይሂዱ፣ ውኃና ምግብም ቦርሳዎ ውስጥ ይዝጉ፤ ጉብኝቱ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ስለሆነ ከመካከል ወጥቶ ተመልሶ መግባት ያስቸግራል። በጀርባ የሚያዝ ቦርሳ ካለዎት ወደ ፊት ያዙሩት፤ ክፍሎቹ በዕቃ የተሞሉ ናቸው፤ ሰውየው ዞር ሲል ጀርባው ላይ ያለው ቦርሳ የሸክላ ዕቃ እንደሚመታ አይታወቀውም። ፎቶን በተመለከተ በር ላይ የተለጠፈውን ማሳሰቢያ ይከተሉ፤ በሚፈቀድበት ክፍልም ፍላሽ አይጠቀሙ።

ክፍሎቹ ደብዘዝ ማለታቸው ብዙ ሰው ያስገርማል። መጋረጃዎቹ የሚወርዱት ብርሃን የጨርቁንና የምንጣፉን ቀለም እንዳያነጣው ነው፤ ስለዚህ ከውጭ ሲገቡ ዓይንዎ እስኪለምድ ጥቂት ቆም ይበሉ።

በምድር ቤቱ የመመገቢያው፣ የእንግዳ መቀበያውና የቢሊያርዱ ክፍሎች እርስ በርስ ተያይዘው እንዴት እንደታጠፉ ይመልከቱ። በሥርዓቱ መሠረት ንግሥቲቱ ባለችበት ክፍል መቀመጥ የማይፈቀድላቸው ሹማምንት፣ ከማዕዘኑ ወዲያ ከዓይኗ ተሠውረው፣ በወጉ ግን ፊቷ እንዳሉ ተቆጥረው መቀመጥ እንዲችሉ ታስቦ የተሠራ ነው። በላይኛው ፎቅ የልጆቹን ክፍልና የንግሥቲቱን የግል ክፍሎች ያገኛሉ፤ ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ይሠሩባቸው የነበሩት ሁለት የጽሕፈት ጠረጴዛዎች እንዲሁም ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 1901 ያረፈችበት መኝታ ቤት ያሉት እዚያ ነው። መኝታ ቤቱ ውስጥ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያልፈው፤ ልጆችዎን አስቀድመው ያዘጋጁ።

የጉብኝቱ መጨረሻ አካባቢ ደርባር የሚባለው አዳራሽ ይመጣል። ነጭ የልስን ጌጡ ከወለል አጠገብ ጀምሮ እስከ ጣሪያ የሸፈነው ይህ አዳራሽ ከላሆር በመጣው በባይ ራም ሲንግ የተነደፈ ነው። ከምድጃው በላይ ክንፉን የዘረጋውን ፒኮክ ፈልገው ይመልከቱ፤ ወደ አዳራሹ በሚያደርሰው መተላለፊያ ላይ የተሰቀሉትን የሕንዳውያን ምስሎችም አይለፉ።

በየክፍሉ የሚቆሙት ተረኞች ጥያቄ ሲቀርብላቸው ደስ ይላቸዋል። ስለ ልዑል ዓለማየሁ መጠየቅ ከፈለጉ ስሙን በእንግሊዝኛ በተለምዶ «አላማዩ» እያሉ ስለሚጠሩት በዚሁ አነጋገር ቢጠይቁ ቶሎ ይግባባሉ።

9. የመልሱን ጉዞ ያስሉ

ከቤቱ ሲወጡ ወደ ቅርሳ ቅርስ ሱቁ ከመግባትዎ በፊት የአውቶቡሱን ሰዓት ይመልከቱ፤ በደሴቱ ላይ ምሽት እየቀረበ ሲሄድ የአውቶቡስ ድግግሞሽ ይሳሳል። ከቤቱ እስከ ዋናው በር የሚራመዱትን መንገድም አይርሱ። ከፍተኛ ነፋስ በተነሣ ቀን ፈጣኖቹ ጀልባዎች ከትልቁ ፌሪ በፊት ይሰረዛሉና፣ ነፋስ ከተተነበየ ከዚያው ከኢስት ካውዝ በትልቁ ፌሪ መመለስ ይሻላል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ይዞ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መጨረስ የሚቻል ቢሆንም አልመክረውም፤ ዋጋው ከተመቸዎት በደሴቱ ላይ አንድ ሌሊት ይደሩ።

የተለመዱ ስሕተቶች

ዓለማየሁ በደርባር አዳራሽ ውስጥ ንግሥቲቱ ፊት ቀረበ ብሎ ማመን። ልዑሉ ወደ ኦዝቦርን የመጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1868፣ በ7 ዓመቱ ነው፤ አዳራሹ የተሠራው ግን ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ከእርሱ ዘመን የቆየውን ለማየት የፈለገ ሰው ትኩረቱን በፓቪሊዮኑ፣ ማለትም በዋናው የቤተሰቡ ሕንፃ፣ በእርከኖቹና በስዊስ ኮቴጅ ላይ ያድርግ፤ እነዚህ ሁሉ በዚያ ወቅት የነበሩ ናቸው።

መቃብሩን እዚህ መፈለግ። ዓለማየሁ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1879 ሊድስ አጠገብ ሲሆን፣ የተቀበረው በዊንዘር ቤተ መንግሥት ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ነው። ዊንዘርና ኦዝቦርንን በአንድ ቀን ለማየት አይሞክሩ።

ፍሬሽወተርን በዚያው ቀን መደረብ። ዓለማየሁ ከሞግዚቱ ከካፒቴን ስፒዲ፣ በአገራችን ባሻ ፈለቀ ከሚባለው መኮንን፣ ጋር በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶ የተነሣው በዚሁ ደሴት በፍሬሽወተር ነው። ፍሬሽወተር ግን በደሴቱ ምዕራባዊ ጫፍ ስለሆነ፣ በአውቶቡስ በኒውፖርት በኩል ቀይሮ መሄድ የሚጠይቅ ነው፤ ሌላ ቀን ይመድቡለት።

በመኪና ሲሄዱ የፌሪውን ቦታ ሳይዙ ወደብ መድረስ። በበጋ ቅዳሜና እሑድ የመኪና ቦታ ቀድሞ ያልቃል፤ ዋጋውም እንደ ሰዓቱ ይለያያል። አራት ሰው ሆናችሁ ካልተከፋፈላችሁት በቀር በእግረኛነት ተሻግሮ በአውቶቡስ መሄድ ይረክሳል።

ትልቅ ቡድን ይዞ ሳያሳውቁ መሄድ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የማኅበር ጉዞ የምታዘጋጁ ከሆነ፣ ለቡድን የተለየ ዋጋና የመግቢያ ሰዓት ስላለ ከሳምንታት በፊት ለቦታው አስተዳደር አሳውቁ፤ ቤቱ ውስጥም ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ከመግባት በአሥር በአሥር ሰው ተከፍላችሁ፣ ግማሹ ቤቱን ሲያይ ግማሹ እርከኖቹ ላይ ቢቆይ ሁሉም ያያል።